ሉዊስ ደሴት ላይ ለመኖር የምታስቡ ካላችሁ

ከሎንደን ወደ ሉዊስ ደሴት ከመጣን ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል። ግማሹ «እንዴት ቻላችሁት?» ይለኛል። ግማሹ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤት ይገኛል? ሥራስ?» ይላል። ይህን የምጽፈው ለኋለኞቹ ነው።

በቅድሚያ አንድ ወሬ ላጥራ። «ስኮትላንድ ደሴት ላይ ለሚሰፍር 50 ሺህ ፓውንድ ትከፍላለች» የሚል ነገር እስካሁን ይላክልኛል። ወሬው መነሻ አለው። በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የስኮትላንድ መንግሥት ለ100 ያህል ቤተሰቦች እስከ 50 ሺህ ፓውንድ የመስጠት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የደሴቶቹን ሰው ሲያማክር ብዙ ድጋፍ አላገኘም። በ2022 ተወው። ስለዚህ በራሳችሁ ወጪ ነው የምትመጡት።

ሉዊስ ከስኮትላንድ ዋና ምድር በሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕሩ ማዶ ነው። ደቡቡ ሃሪስ ይባላል፤ ስሙ ሁለት ይሁን እንጂ መሬቱ አንድ ነው። ኡላፑል ከምትባል የወደብ መንደር በመርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ከተማው ስቶርኖዌይ ነው። ሆስፒታሉም፣ ሱፐርማርኬቱም፣ ኤርፖርቱም እዚያ ነው። እኛ ያለነው ኔስ ነው፤ ከከተማው ወደ ሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከእኛ ወዲያ ለመርከቦች የሚያበራው ማማ አለ። ከማማው ወዲያ ባሕር ብቻ።

እዚህ ስንቅ ሳይዙ መኖር አይቻልም። ስንቅ ስል ምግብ ብቻ አይደለም። የቀን ስንቅ፣ የገንዘብ ስንቅ፣ የነዳጅ ስንቅም አለ። ሎንደን ሳለን ሁሉንም ነገር በልኩ ነበር የምንኖረው። ወተት ሲያልቅ ወርዶ መግዛት ነው። አውቶቡስ ሲያመልጥ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። እዚህ ቀጣዩ ነገ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ካለ ደግሞ ከነገ ወዲያ።

በብርዱ ወራት መርከቡ በነፋስ ምክንያት ይቀራል። ሁለት ሦስት ቀን ከተከታተለ የሱፐርማርኬቱ መደርደሪያ ባዶውን ይቀራል። መጀመሪያ የሚጠፋው ወተት፣ ዳቦና አትክልት ነው። የመንደሩ ሰው አይደነግጥም። ሁሉም ቤት ትልቅ ፍሪዘር አለ፤ ዳቦና ወተት ሳይቀር ይከቱበታል። እኛም የመጀመሪያው ደመወዝ ሲገባ የገዛነው ፍሪዘር ነው። ሽሮ፣ በርበሬና ምስር ድሮም ከቤታችን ስለማይጠፋ ሱቁ ባዶ ሲሆን ብዙ አይከፋንም። ሰዉ ስለ ወተት ሲያወራ እኔ ሽሮዬን አንተከትካለሁ።

ወደ ዋናው ምድር የምትሻገሩበት ጉዳይ ቀጠሮ ካለው ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱ። በተለይ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ። መርከቡ ቀርቶ በረራው ቢያመልጣችሁ የሚያዝንላችሁ አየር መንገድ የለም። የአንድ ሌሊት ሆቴል ከጉዞው ወጪ ጋር አብራችሁ ቁጠሩት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ቱሪስቱ መኪናውን ይዞ ስለሚመጣ የመኪና ቦታ ሳምንታት ቀድሞ ያልቃል። በእግሩ የሚሳፈር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አያጣም። በአውሮፕላን ለሚሄድ ነዋሪ የመንግሥት ቅናሽ አለ፤ ከትኬቱ መነሻ ዋጋ ግማሹን ያነሳል። አድራሻችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይዛችሁ መመዝገብ ነው። ሻንጣ ሳትፈቱ ይህን አድርጉ።

ወደ ሥራው ልምጣ። እኔ የቤት ለቤት ኬር ሥራ ነው የምሠራው። አዛውንቶችን ቤታቸው ሄዶ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ቁርስ መስጠት፣ መድኃኒታቸውን መከታተል። ሥራው ሞልቷል። ወጣቱ ለትምህርት ይሄዳል፣ ብዙው አይመለስም፣ ሽማግሌው ይቀራል። ግን ከውጭ አገር አዲስ ኬረር በቪዛ ማስመጣት ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ቆሟል። ስለዚህ ምክሬ አሁን ብሪታንያ ውስጥ ላላችሁ ነው። የእንግሊዙ የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ፣ ዲቢኤስ፣ እዚህ አያገለግልም፤ ስኮትላንድ ፒቪጂ የሚባል የራሷ ምዝገባ አላት። ለኬር ሠራተኞችም ኤስኤስኤስሲ የሚባል የሙያ መዝገብ አለ። አሠሪው ያስረዳችኋል፤ ጊዜ እንደሚወስድ ግን ከአሁኑ እወቁ።

ቪዛችሁ በአሠሪ የታሰረ ከሆነ ሁለቴ አስቡ። ሥራው ቢበላሽ ሌላ ስፖንሰር ለመፈለግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጣችሁ 60 ቀን ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ 60 ቀን ራሱ አይበቃም። እዚህ ደግሞ ስፖንሰር የሚያደርግ አሠሪ በጣት የሚቆጠር ነው። ከአሠሪ ያልታሰረ የመኖሪያ ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ብትመጡ ይሻላል፤ ይህን የምለው ሁለት ሰዎች በዚህ ሲጨነቁ አይቼ ነው።

መኪና የግድ ነው። አውቶቡስ አለ፣ ግን እንደ ልብ አይደለም፤ እሑድ ደግሞ ጭራሽ የለም። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብሪታንያ ነዋሪ ከሆናችሁበት ቀን ጀምሮ የሚያገለግለው ለ12 ወር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፈተናውን መውሰድ ነው። ብዙዎቹ የመንደር መንገዶች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ናቸው። በየርቀቱ መተላለፊያ ቦታ አለ። እሱ በግራችሁ ከሆነ ትገባላችሁ፣ በቀኝ ከሆነ ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ታሳልፋላችሁ። ያሳለፋችሁን ሰው ደግሞ እጅ አንስታችሁ አመስግኑ። ያላመሰገነ ሹፌር ማን እንደሆነ እስከ ማታ መንደሩ ያውቃል። በጉ መንገድ ላይ ይተኛል፣ ክላክስ አይገባውም። የመኪናችሁ ነዳጅ ከግማሽ በታች አይውረድ።

ቤት ከሥራ ይከብዳል። ለኪራይ ሊሆን የሚችለው ቤት ብዙው ለቱሪስት ነው የሚከራየው። አንዳንዱ አከራይ በብርዱ ወራት ያስገባችሁና ቱሪስት ሲመጣ ልቀቁ ይላችኋል። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ስለ ሰኔ ጠይቁ። እኛ ቤቱን ያገኘነው በወሬ ነው። የሥራ ባልደረባዬ አክስት ዋናው ምድር ልጃቸው ጋ ሲሄዱ ቤታቸው ባዶውን እንዳይቀር ሰው ይፈልጉ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ከሚወጣው ቤት ይልቅ እንዲህ በሰው በሰው የሚያዘው ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ አሠሪውን ጠይቁ። ሠራተኛ ከፈለገ ቤት ያፈላልጋል።

ቤቱን ስታዩ በመስኮቱ የሚታየውን ባሕር ተዉት። ግድግዳው ማዕዘን ላይ እርጥበት አለ ወይ? መስኮቱ ሲዘጋ ነፋስ ያስገባል ወይ? ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ነው፣ በዘይት ነው፣ በምን ነው? ያለፈውን የጥር ወር የማሞቂያ ወጪ ጠይቁ። ሰው ቢያፍርም ይነግራችኋል። ነፋሱ ቀልድ አይደለም። የቆሻሻ መጣያውን በገመድ እናስረዋለን። የልጆች መዝለያ ትራምፖሊን ከአንዱ ግቢ ተነስቶ ሌላው ግቢ ሲያርፍ አይቻለሁ። በጥር 2005 በተነሳው ማዕበል ከእኛ ደቡብ ባለው ሳውዝ ዩዪስት ደሴት ከቤታቸው ሸሽተው ሲወጡ አምስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ሞተዋል። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያ ሲወጣ እዚህ ማንም የማይቀልደው።

ለመግዛት የምታስቡ ክሮፍት የሚባለውን ነገር ሳትረዱ እንዳትፈርሙ። ክሮፍት ትንሽ የእርሻ ይዞታ ነው። ገበሬው በባለርስቱ እንዳይፈናቀል ተብሎ በ1886 በወጣ ሕግ የተጀመረ የራሱ ሥርዓት አለው። ይዞታውን የሚቆጣጠር ኮሚሽን አለ። የያዘው ሰው ከመሬቱ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ መኖር አለበት፣ መሬቱንም ማልማት አለበት። ቤቱ ያረፈበት ቦታ ከክሮፍቱ በሕግ ካልተለየ ባንክ ሞርጌጅ አይሰጥም ማለት ይቻላል። «ቤት በዚህ ዋጋ?» ብላችሁ ከተገረማችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። የእንግሊዝ አገር ጠበቃችሁን ትታችሁ የስኮትላንድ ሶሊሲተር ያዙ፤ ክሮፍት የሚያውቅ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ጥሩ ነገር አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ቤት የሚሸጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤቱን ሁኔታና ግምት የሚገልጽ ሪፖርት ራሱ ነው የሚያቀርበው። እያንዳንዷን ገጽ አንብቡ።

ስለ ጤና ብዙ አልልም። የስቶርኖዌይ ሆስፒታል ለአብዛኛው ነገር ይበቃል። ልዩ ሐኪም ሲያስፈልግ ኢንቨርነስ ወይም ግላስጎ ትላካላችሁ። የጉዞውን ወጪ በደንቡ መሠረት መጠየቅ ይቻላል፤ ደረሰኝ አትጣሉ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ስኮትላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በነጻ ነው። ቫይታሚን ዲ ግን በየቀኑ ውሰዱ። መንግሥት 10 ማይክሮግራም ይመክራል፤ ለእኛ ቆዳ ዓመቱን ሙሉ ነው።

ምክንያቱ ጨለማው ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ ዘጠኝ ተኩል አልፎ ትንሽ ሲል ትጠልቃለች። ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ብቻ ማለት ነው፤ እሱም ደመና ካልበላው። ባለቤቴ በጨለማ ለሥራ ወጥቶ በጨለማ ስለሚገባ ፀሐይ የሚያየው ቅዳሜ ነው። በሰኔ ደግሞ ወደ 18 ሰዓት ገደማ ይበራል፣ ልጅ ማስተኛት መከራ ነው። ወፍራም መጋረጃ ግዙ። ጨለማው እንደተፈራው አልከበደኝም። የከበደኝ ነፋሱ ነው። ሳምንት ሙሉ ሲያፏጭ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል።

እንጀራ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጤፍ ከሎንደን በፖስታ አስመጣለሁ። አንድ ዕቃ አመላላሽ ድርጅት አድራሻዬን ሲያይ ከጤፉ የማይተናነስ ማጓጓዣ ጠይቆኛል። «ወደ ዋናው ምድር ብቻ እናደርሳለን» የሚል ሱቅም ብዙ ነው። ሮያል ሜይል ግን እስከ 20 ኪሎ ድረስ ለተራ ጥቅል ሎንደን የሚያስከፍለውን ነው እዚህም የሚያስከፍለው። ላኪውን በሱ አድርግልኝ በሉት። ሊጡ በብርድ ቤት አይቦካም። እኔ የሙቅ ውሃው ታንክ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ፤ እዚያም ቢሆን ከሎንደኑ አንድ ቀን ይጨምራል። መብራት የሚጠፋባቸው ቀኖች ስላሉ በነፋስ ቀን ምጣድ አትጣዱ። ገብስ ለሚወድ ደግሞ ኦርክኒ ደሴት ቤር የሚባል ጥንታዊ የገብስ ዘር አለ። እዚያ በውሃ በሚሠራ ወፍጮ የተፈጨው ዱቄት ይሸጣል። ከመፈጨቱ በፊት በምድጃ ስለሚደርቅ የተቆላ ገብስ ይሸታል። ገንፎ ይወጣዋል።

አሁን ስለ ሰዉ። ሎንደን ፎቅ ላይ ስንኖር የጎረቤታችንን ስም አናውቅም ነበር። እዚህ ገና ዕቃ ስናወርድ ስማችንን የሚያውቅ ሰው መጣ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት የማን ልጅ እንደሆንሽ ነው። ማክላውድ፣ ሞሪሰን፣ ማክዶናልድ የሚባለው ሰው ስለሚበዛ የሚለያዩት በአባትና በአያት ስም ነው፣ አለዚያም በቅጽል ስም። የአባቴንና የአያቴን ስም ስነግራቸው ደስ አላቸው። «በደንብ ታውቂያለሽ» አሉኝ አንድ የማጥባቸው አዛውንት። እሳቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ እኔ አምስተኛው ላይ ቆምኩ።

በር አይቆለፍም፣ ሳይደወልም ይገባል። ለመጣ ሰው ሻይና ኬክ ይቀርባል፣ ስትሩፓግ ይሉታል። እኔ ቡና አፈላለሁ። ሦስተኛው ስኒ ላይ የደረሰ ጎረቤት ያቺን ሌሊት እንደማይተኛ አስጠነቅቃለሁ። በር ላይ ድንች፣ ማክሬል ዓሣ፣ አንዳንዴ ግማሽ በግ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ማን እንዳመጣው አይጻፍበትም። ጠይቃችሁ ትደርሱበታላችሁ፣ ከዚያ ድፎ ዳቦ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ይህ መልካም ጎኑ ነው። ሌላው ጎኑ ምንም ነገር አይደበቅም። ሐኪም ቤት መሄዴን ከባለቤቴ በፊት የሰሙ አሉ። በመንደሩ ጥቁር እኛ ብቻ ስለሆንን መታየት አለ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፣ ፀጉሬን ልንካ ያሉኝ ግን አሉ። ማንም አይወቀኝ የሚል ሰው ከተማ ቢቀር ይሻለዋል።

ግንቦት ላይ ፒት ልንቆርጥ ወሰዱን። ፒት ከረግረጉ መሬት እንደ ጡብ እየተቆረጠ የሚወጣ ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይነዳል። አንዱ በረጅም እጀታ መቁረጫ ይቆርጣል፣ ሌላው ተቀብሎ ይወረውራል። እዚያው ሜዳ ላይ ይደርቅና ነሐሴ አካባቢ ወደ ቤት ይገባል። ጭሱ የኩበት ጭስ ይመስላል። ወገቤ ለሳምንት አልተቃናም፣ ግን ብዙ ሰው ያወቅኩት እዚያ ነው። ከተጋበዛችሁ እንዳትቀሩ። የትንኝ መከላከያ መረብ ያዙ፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ትንኟ ትበላለች።

እሑድ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው የእሑድ መርከብ ከስቶርኖዌይ የተነሳው በ2009 ነው፣ ያውም በብዙ ክርክር። የከተማው ትልቅ ሱፐርማርኬት እሑድ መክፈት የጀመረው በ2024 መጨረሻ ነው። በመንደራችን እሑድ ልብስ ውጭ አይሰጣም፣ ሣር አይታጨድም። ሕግ አይደለም፣ ግን አታድርጉት። እኔ ያደግኩት በበዓል ቀን ሙቀጫ በማይነካበት ሰፈር ስለሆነ አልከበደኝም። ባለቤቴ ግን መኪና ማጠብ ይወዳል፤ አሁን ቅዳሜ ያጥባል።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን እዚህ የለም። ቅዳሴውን ከሎንደን በስልክ እንከታተላለን። ለጥምቀት አልሄድም፤ ጥር የማዕበል ወር ነው። ለፋሲካ ግን ከሳምንት በፊት እንሻገራለን። ልጅ የምትጠብቁ ከሆነ የ40 እና የ80 ቀኑን ክርስትና ከወር ጋር አስልታችሁ ቀድማችሁ ከካህኑ ጋር ተነጋገሩ። ሙስሊም ለሆናችሁ ስቶርኖዌይ ከ2018 ጀምሮ መስጊድ አለ። እኔ አንዳንዴ ከጎረቤቶቼ ጋር የነሱ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። የሚዘምሩት መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ጌሊክ በሚባለው በደሴቱ የጥንት ቋንቋ፣ ያለ ምንም መሣሪያ። አንዱ መሪ ያነሳል፣ ሕዝቡ እየጎተተ ይከተለዋል። ቃሉን አልሰማም፣ ግን ቁጥሩን ጠይቄ በአማርኛ ዳዊቴ አብሬ አነባለሁ።

ቀብር ሲኖር ሁሉም ይወጣል። ወንዶቹ ሣጥኑን እየተቀባበሉ በእግር ይሸኛሉ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀብር ዳር ቆሞ ነበር፤ አንዱ በክንዱ ስቦ ሰልፉ ውስጥ አስገባው። እድር ካለበት አገር ለመጣ ሰው ማስረዳት አላስፈለገም።

ስለ ልጆች ላክል። የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ ከ2020 ጀምሮ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በጌሊክ እንደሚማር ነው የሚያስበው፤ በእንግሊዝኛ የሚፈልግ ወላጅ መናገር አለበት። እኛ ልጃችን በጌሊክ ይማር አልን። ብዙ ሰው አማርኛው ይጠፋበታል ብሎ መክሮን ነበር። አልጠፋበትም። ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ጌሊክ፣ ካርቱን እንግሊዝኛ ነው። አሮጊቶቹ በጌሊክ ሲያናግሩት ይመልስላቸዋል፣ እኔ የሚሉት አይገባኝም።

ከመወሰናችሁ በፊት ኅዳር ወይም ጥር ላይ መጥታችሁ ሳምንት ቆዩ። ሐምሌ ላይ ያየ ሰው ምንም አላየም፤ ባሕሩ ሰማያዊ፣ አሸዋው ነጭ ነው፣ ሁሉም ይወደዋል። ከተማ ሳይሆን መንደር ውስጥ እደሩ፤ በብርዱ ወራት ማረፊያ ርካሽ ነው። ሲጨልም መኪና ነድታችሁ ሱቅ ሄዳችሁ ተመለሱ። አንድ እሑድም ይጨመርበት። የመመለሻ ትኬታችሁ ደግሞ ቀን የሚቀየር ዓይነት ይሁን፤ አሠሪያችሁንም ሁለት ቀን ልዘገይ እችላለሁ ብላችሁ ውጡ።